ከአጥሩ የወረደው ሹራብ

ወር በገባ በሃያኛው ቀን እኔን ቤት ፈልጎ የሚያገኘኝ የለም። ፍኖተ ሰላም ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ባጃጅ ነጂዎቹ ያውቃሉ፤ ጋሪ ነጂዎቹ ያውቃሉ፤ ፈረሶቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ ብል ውሸቴን አይደለም።

ሃያን የመረጥናት እኛው ነን። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፣ ሃያ አንድ ማርያም ናት። በእነዚህ ቀኖች በእኛ አገር መርፌ አይነሳም፣ እንዝርት አይሾርም፤ የነካች ሴት ወሬዋ ቄሱ ዘንድ ሳይመሽ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ግን ማንም የማይፈልጋት አንዲት ቀን ተሸጉጣ አገኘናት። የማንም ያልሆነችው ቀን ለእኛ ትሁን አልን። እሑድ ላይ የዋለች እንደሆነ ብቻ ወደ አሥራ ስምንት እንስባታለን።

እኛ የምላቸው ዘጠኝ ሴቶች ነን። ከፍኖተ ሰላም አለን፣ ከቡሬ አለን፣ ከቋሪት ከገበዝ ማርያም አለን። በየወሩ በተራ አንዷ ቤት ተሰብስበን ሹራብ እንሠራለን። አዲስ ክር ግን ገዝተን አናውቅም። ቡሬ ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ፤ ሙስሊም ናት፤ አፏ እንደ ቡሬ በርበሬ ያቃጥላል፣ ልቧ ግን ቅቤ ነው። ክርኑ የተቀደደ፣ አንገቱ የላላ፣ ገዢ ዞር ብሎ የማያየውን ሹራብ እየለየች ታስቀምጥልናለች። እሱን እንተረትረዋለን። አንዷ ጫፉን ይዛ ትስባለች፣ አንዷ በተዘረጉ እጆቿ ላይ ትቀበላለች፣ አንዷ ትጠቀልላለች። ክሩ ታጥቦ ይሰቀልና መጨማደዱ ሲለቀው እንደገና ሹራብ ይሆናል። መሥሪያችንም እንደዚያው ነው፤ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነቅለን፣ ጫፉን በድንጋይ ሞርደን ነው የምንሠራው።

ያስተማረችኝ ይህችው የቡሬዋ ናት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እግሬ አንድ ቤት አልረጋ ብሎኛል። አንድ ወር ፍኖተ ሰላም ከወንዱ ልጄ ቤት፣ ሁለት ሳምንት ቡሬ ከሴቷ ልጄ ቤት፣ የገብስ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ቋሪት ከወንድሜ ቤት። አገሩ ዟሪ ይለኛል። ይበለኝ። መዞር ነውር ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ከወጣችበት ባልተነቃነቀች ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ቡሬ ገበያ ዝናብ ያዘኝና ከአንዲት ነጋዴ ላስቲክ ሥር ተጠለልኩ። ሴትዮዋ እግሯን ዘርግታ ሹራብ ትተረትራለች።

«ምነው እቴ፣ የሰው ልብስ ታፈርሻለሽ?» አልኳት።

«ካልፈረሰ በምን ይሠራል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

ዝናቡ አባርቶ ስንለያይ ሁለት ሽቦ በከረጢቴ ነበረ።

ማኅበር ያለ ሕግ አይቆምምና እኛም ሕግ አለን። ምግባችን ቅቅል ድንችና አዋዜ ብቻ ነው። ሥጋ ቢኖር ሁለት ድስት ያስፈልግ ነበር፤ ሁለት ድስት ደግሞ ውሎ አድሮ ሁለት ማኅበር ይሆናል። ድንች ግን ጾም አይል፣ ፍስክ አይል፣ ማንንም ከማንም አይለይም። ከዚያ ደግሞ ልቃቂቷ አለች። ከየሥራችን የተረፈውን ቁራጭ ክር እየቋጠርን የጠቀለልናት፣ የሕፃን ራስ የምታህል፣ ቀለሟ ተቆጥሮ የማያልቅ ናት። ከእኛ አንዷ ስትታመም ወይም ሐዘን ሲደርስባት ከእሷ ላይ ተተርትሮ መደረቢያ ይሠራላታል። ታድጋለች፣ ትቀንሳለች፣ አታልቅም። ጽዋ በማኅበርተኛ እንደሚዞር እሷም ትዞራለች፤ ልቃቂቷን የተቀበለች ሴት በሚቀጥለው ሃያ ታስተናግዳለች። ልቃቂቷ አንዴ በመካከላችን ከተቀመጠች፣ ሁሉም ሴት ክሯን እስክትቋጥርባት ድረስ ማኅበሩ ከቦታው አይነሳም። ተራዋን ያሳለፈች ሴት ደግሞ እንደወጣች ትቆጠራለች።

ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ጨካኝ ትመስላለች፤ ጨካኝም ናት። አንዲት የቡሬ ሴት ባሏ «ቤቴን የጨርቅ ተራ አታድርጊብኝ» ቢላት ልቃቂቷን በሰው እጅ መለሰች። ዛሬ ገበያ ላይ ስታገኘን ሰላምታዋ ደህና ነው፤ ዓይኗን ግን ከከረጢታችን ላይ መንቀል ያቅታታል። መንገድ ተዘግቶ መኪና በጠፋበት ወር እንኳ ልቃቂቷ በእግር ተጉዛ ባለተራዋ ቤት ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ «አልመቸኝም» ብሎ ነገር ማን ይሰማል?

በመስከረም ሃያ ገበዝ ማርያም ተሰብስበን ልቃቂቷ ለእኔ ደረሰች። ያስረከቡኝ የማኅበራችን አለቃ፣ የቋሪቷ አሮጊት ናቸው። ወንዶቹ የጽዋ ማኅበር አለቃቸውን ሙሴ እንደሚሉት እኛም እሳቸውን ሙሴ እንላቸዋለን። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ሌላውም ደክሟል፤ ጣታቸው ግን ያያል። «በጥቅምት ሃያ ፍኖተ ሰላም፣ ካንቺ ዘንድ» አሉኝ። እኔም ልቃቂቷን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ከድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ በአይሱዙ ወረድኩ።

ልጄ ቢሮ ይሠራል። ቤቱን የሠራው አምና ነው፤ ወለሉ ያበራል፣ በሩ ብረት ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ደግ ልጅ ነው። ሲደሰት አንቺ ይለኛል፤ ሲቆጣ አንቱ ይለኛል። ተራዬን በነገርኩት ማታ ወዲያው አንቱ አለኝ።

«እናቴ፣ አንቱ እዚህ ቤት የጎደለብዎ ነገር አለ?»

«ምንም አልጎደለብኝ።»

«ታዲያ ሰው ምን ይላል? እናቱን መጦር አቅቶት ልባሽ ጨርቅ ያስተረትራታል ይላል።»

«ሰው ይበል። አንተ ምን ትላለህ?»

ምራቴ ሳህን ታነሳለች፤ ጆሮዋ ግን ከእኛ ዘንድ ነው።

«ሴቶቹ በሌላ ቀን ይምጡ፤ ምሳ እጋብዛቸዋለሁ» አለ። «ጨርቁ ግን እዚህ ቤት አይገባም። የስንቱ አቧራ፣ የስንቱ ቁንጫ!»

«ተራዬ ነው እኮ» አልኩት።

«ተራ!» ብሎ ሳቀ። «የዳቦ ሰልፍ ነው እንዴ?»

እኔ ድምፄ አይጮኽም። ልጆቼን ስገሥጽ እንኳ ጎረቤት ሰምቶኝ አያውቅም። የዚያን ማታም አልጮህኩም። ግን ተኝቼ ሳስበው፣ በዕድሜዬ በስሜ የመጣ ተራ ቆጥሬ አጣሁ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ተራው የወንድሞቼ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ በልጅ ልጄ ደብተር ነው። ስዳር ተራው የአባቴ ነበር፣ እሺ ያለው እሱ ነው። መሬቱ ሲከፈል ተራው የባለቤቴ ነበር። ያለፈው አልፏል፤ አላማርርም። ይህችን ግን «ዛሬ ያንቺ ነው» ብለው በእጄ የሰጡኝን ለምን ብዬ እመልሳታለሁ? ገበያ ላይ ከሩቅ ሰላም እያልኩ የሰው ከረጢት ላይ ለማፍጠጥ?

ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ። አምና ለልጄ ሹራብ ሠርቼለት ነበር፤ ጥቁርና ቡናማ፣ ሁለት ወር የፈጀብኝ። ተቀብሎ ሳመኝ። ከሳምንት በኋላ የሰፈሩ ዘበኛ በር ላይ አግኝቶኝ «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ብርዱን ረሳሁት» ሲለኝ ነው ልብሱን ደረቱ ላይ ያየሁት። ልጄ ለራሱ አመድማ የፋብሪካ ሹራብ ገዝቶ ነበር፤ አንገቱ ላይ ሁለት የብረት ቁልፍ ያለው። ለዘበኛው አልጨከንኩም፤ ይሙቀው። ግን በልቤ ቀረ።

ጥቅምት ሃያ ጠዋት ልጄ ቢሮ እንደሄደ ሰሌኔን ተሸክሜ ወጣሁ። ቤቱ የእሱ ነው፤ እውነቱን ነው። ደጁ ግን የመንግሥት ነው። ከብረት በሩ ውጭ፣ በአጥሩ ጥግ፣ ሰሌን በሰሌን ላይ አነጠፍኩ።

ምራቴ ከውስጥ ብቅ አለች። «ኧረ እማዬ፣ እንዴት ይሆናል?»

«ሆኗል።»

ትንሽ አሰበች። «ጨርቅ አይግባ አለ እንጂ ድንች አይውጣ አላለም» ብላ ተመለሰች። ወዲያው ብረት ድስቱ ሲንኳኳ ሰማሁ።

መጀመሪያ ከመናኸሪያ በጋሪ የደረሱት ሙሴያችን ናቸው፤ ቀጥላ የቡሬዋ ጥቅል ጨርቋን በባጃጅ አስጭና መጣች። የቀሩትም በእግር ተንጠባጠቡ።

«እንዴ፣ ከደጅ?» አለች የቡሬዋ። «ልጅሽ አስወጣሽ?»

«አላስወጣኝም። ራሴ ወጣሁ።»

«ወላሂ፣ እኔ ደጅ ስሸጥ ጥርሴ ረግፏል፤ ቤት ብታስገቢኝ ነው ግራ የሚገባኝ!» ብላ ጥቅሏን ዘረገፈችው።

ሙሴያችን ሳቅ አላሉም። ሰሌኑን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አጥሩን ዳሰሱት። «ማኅበሩ የልቃቂቷ እንጂ የጣሪያው አይደለም። አስቀምጫት» አሉኝ። ልቃቂቷን በመካከል አኖርኳት። ተጀመረ።

ሴት በሰሌን ላይ ክብ ሠርታ ከደጅ ስትቀመጥ በእኛ አገር ትርጉሙ አንድ ነው። እኔ ይህን አላሰብኩትም። ሁላችንም አላሰብነውም፤ ሐሳባችን ክር ላይ ነበራ። መጀመሪያ አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ገታና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እናቶች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው?»

«ሹራብ ነው!» አለች የቡሬዋ። «ክርኑ ተቀዶ!»

እኛ ሳቅን፤ እሱ ግራ ተጋብቶ ሄደ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «እኔን! እኔን!» እያለች እያለቀሰች መጣች። አጠገቤ ደርሳ አየችኝ።

«እንዴ፣ አሉ እንዴ?»

«አለሁ። ተቀመጪ፣ ድንች ብዪ።»

ተቀመጠች። ነጠላዋን ማስተካከሉን ግን ረሳችው፤ እንዳዘቀዘቀች ድንቹን ትልጣለች። ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ያቺ ነጠላ መርዶ ነበረች።

አሁን የምናገረው ነገር ነው የዚህ ጽሑፍ ምክንያት። ምራቴ የልጄን አመድማ ሹራብ በዋዜማው አጥባው ኖሮ፣ አልደርቅ ብሎ ጠዋት ከቆርቆሮው አጥር ላይ አስጥታዋለች። አንድ እጅጌው ወደ ደጅ፣ ወደ ሙሴያችን ራስ ተንጠልጥሏል። ሙሴያችን የያዙትን ሹራብ ጨርሰው ሌላ ፍለጋ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ያን እጅጌ አገኙት፤ ሳቡት። ልብሱ ከአጥሩ ወርዶ ጭናቸው ላይ አረፈ።

«ይህ ደግሞ ርጥብ ነው» አሉ ለቡሬዋ። «መንገድ ላይ ዘንቦብሽ ነው?»

«እኔ ላይ? ጤዛ ይሆናል» አለች እሷ፣ ቀና ሳትል፣ የራሷን እየጠቀለለች።

ሙሴያችን ሁለቱን የብረት ቁልፎች በጥርሳቸው በጥሰው ሰሌኑ ላይ ጣሉ። የትከሻውን ስፌት ፈለጉት፣ አገኙት፣ ፈቱት። ጫፉ አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ፣ አቤት አተረታተሩ! እንደ ወተት ነው የወረደው።

እኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። «ሙሴ፣ ያ የኛ አይደለም»፣ አራት ቃል ነው። አየሁ። ዝም አልኩ። እሳቸው ተሳስተው ነው፤ እኔ ግን አልተሳሳትኩም።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ልጄ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፣ እየሮጠ፤ ባጃጅ መጠበቅ አልቻለም። ከኋላው ሦስት የቢሮ ሰዎች ተከትለውታል፤ አንደኛው ጋቢ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ጋቢ ለብሷል። ለካ ቢሮ ድረስ ተነግሮት ኖሯል፤ «ደጅህ ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ጎረቤትህ ነጠላ አዘቅዝቃለች» ብለውት። ፊቱ አመድ መስሏል። ሴቶቹን በዓይኑ እየዘለለ፣ እየዘለለ፣ እኔ ላይ ደረሰ። ከፊቴ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘ።

«አለሽ?»

«የት ልሄድ?» አልኩት።

ይህን አልደብቅም፤ የዚያን ጊዜ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሁሉንም ይቅር ብዬ ሰሌኔን በጠቀለልኩ። ግን አልቆየም። ተነሥቶ ዙሪያውን አየ፤ ጨርቁን አየ፣ የድንቹን ልጣጭ አየ፣ መንገደኛውን አየ። ጆሮው ቀላ።

«አንቱ ምን አደረጉኝ? ከደጅ? ሰው እንዲስቅብኝ?» ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረ። «ግቡ! በፈጠራችሁ ግቡ፤ ቤት አለ! ጨርቁንም ይዛችሁ ግቡ!»

ማንም አልተነሳም።

«ልቃቂቷ ተቀምጣለች፣ የኔ ጌታ» አሉ ሙሴያችን። «ሳትዞር አንነሳም።»

«እናቴ፣ ሰው እያየን ነው እኮ!»

«ዓይን የተሰጠው ለዚያ ነው» አሉት ሙሴያችን። « ከኔ በቀር ሁሉም ይይ። ይልቅ ቆመህ ከምትቀር እጅህን ዘርጋልኝ፤ የምትቀበለኝ ሴት ድንች ይዛለች።»

የቋሪት አሮጊት እጅህን ዘርጋ ስትልህ ምን ትላለህ? ቢሮ የለበትም፣ ማዕረግ የለበትም። ልጄ ጎንበስ ብሎ ተቀመጠና ሁለት እጁን ዘረጋ። ሙሴያችን አመድማውን ክር በመዳፎቹ ዙሪያ ማዞር ጀመሩ። ጋቢ የለበሰው የቢሮ ሰው ድንች ጎርሶ፣ «በመጨረሻ እጅ ከፍንጅ ተያዝክ!» አለው። ሴቶቹ ሳቁ። ልጄም ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ያኔ ነው ዓይኑ እጁ ላይ ያረፈው።

ክሩን አየ። ቀና ብሎ አጥሩን አየ። ሰሌኑ ላይ ሁለት የብረት ቁልፎች አየ።

«ይህ… የኔ ሹራብ ነው እንዴ?»

ሙሴያችን እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ሹራቤ ነው። ከአጥሩ ላይ…»

«ወይኔ!» አሉ። ጭናቸው ላይ የቀረውን ቁራጭ በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ርጥበቱን፣ የፋብሪካውን እኩል እኩል ዓይን፤ እኛ የሹራብን እያንዳንዷን ቀለበት ዓይን እንላታለን። «የሰው ልብስ! በእርጅናዬ የሰው ልብስ ከአጥር አወረድኩ! ምነው ይህችንም ዓይኔን በወሰዳት!»

ሙሴያችን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ያን ማየት አልቻልኩም።

«እሳቸው አላጠፉም» አልኩ። «ሲያወርዱት እኔ እያየሁ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጄ ከተጠለፉ እጆቹ በላይ አየኝ።

«ለምን?»

«የሠራሁልህን ለዘበኛው ስትሰጠው እኔ ለምን ብዬሃለሁ?»

ከጀመርኩ ልጨርስ አልኩ። ድምፄ አሁንም አልጮኸም። «ቤቱ ያንተ ነው፤ አልገባሁበትም። አበላኸኝ፣ አለበስከኝ፤ እግዜር ይስጥህ። እኔን ግን እንደ ወንበር ጥግ አስይዘህ ልታኖረኝ አትችልም። እግሬ እስካለ እዞራለሁ። ይህች ተራ የኔ ናት። አንተ ብታፍርባት እኔ አላፍርባትም።»

የቡሬዋ ከጎኔ «ማሻአላህ» ስትል ሰማኋት፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል።

ሙሴያችን ዓይናቸውን ጠርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አለቃ ናቸውና መፍረድ የእሳቸው ነው። ጥፋት እያየች አውቃ ዝም ያለች ከማኅበር ልትባረር ትችላለች። ለሰሌኑ ስሟገት ቦታዬን ራሴ የጣልኩት መሰለኝ።

«ያወረድኩት እኔ፣ ያየሽው አንቺ» አሉ። «ማኅበር ላይ የተተረተረ ማኅበር ላይ ተሠርቶ ይቅረብ። በኅዳር ሃያ ቡሬ ይዘሽው ነይ። ብቻሽን ትሠሪዋለሽ፤ ያመለጠችሽን አንዲት ዓይን እንኳ የሚያነሳልሽ የለም።»

«እሺ። ተራዬስ?»

«ድንቹ ቀርቧል?»

«ቀርቧል» አሉ ሴቶቹ።

«ልቃቂቷስ ዞራለች?»

ዞራ ነበር፤ ያልቋጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከረጢቴን ስዳብስ ቁራጭ ክር የለኝም። ወደ ልጄ ተጠጋሁና ከእጁ ላይ አንድ ክንድ አመድማ ክር በጥርሴ በጠስኩ። አልከለከለኝም፤ እጁ ታስሮ በምን ይከልክለኝ! ልቃቂቷ ላይ ቋጠርኳት።

«ተራሽ ሞልቷል» አሉ ሙሴያችን። ማኅበሩ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር በሹራቡ ሥራ ነው ያለፈው። የጥቅምት ብርድ ዘንድሮ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ልጄ ጠዋት ጠዋት በስስ ኮት ትከሻውን ሰብስቦ ሲወጣ አያለሁ፤ እሱም ማታ ሲገባ ጥግ ላይ ተቀምጬ አመድማውን ስሠራ ያየኛል። ሹራቡ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ የራሱ ክር ነውና አይግባ ማለት አልቻለም። ምራቴ አንድ ማታ እሳት ስትቆሰቁስ ዝቅ ብላ «እኔም እነዚያን የብረት ቁልፎች አልወዳቸውም ነበር» አለችኝና ሄደች።

የተተረተረ ክር ሁልጊዜ ያጥራል። ያቺ የበጠስኳት ክንድም ጨመረችበት። የግራው እጅጌ አንጓው ጋ ሲደርስ ክሩ አለቀ፤ አራት ጣት የምታህል ቀረችኝ። ኅዳር ሃያ ቡሬ ሄጄ፣ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነበረች፣ ልቃቂቷ ስትቀመጥ ከላይዋ አስፈቅጄ ተረተርኩና እዚያው ማኅበሩ ፊት ጨረስኩት። ቀይ መጣ፣ ብርቱካን መጣ፣ የሽንብራ እሸት የመሰለ አረንጓዴ መጣ። ሙሴያችን ከአንገቱ እስከ ጫፉ በጣታቸው ሄዱበት። «ዓይኑ እኩል ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ቤት ተመልሼ ለልጄ ሰጠሁት። ገልጦ አየው። ከግራው እጅጌ ላይ ቆመ።

«ይህች ምንድን ናት?»

«አጠረ። ከልቃቂቷ ሞላሁት።»

«ይህን ለብሼ ቢሮ ልሄድ?»

«ልበስም አልልህ፣ አትልበስም አልልህ። ለዘበኛው ግን አይሆነውም፤ እሱ ክንደ ረጅም ነው።»

ሳቁን ዋጠ። በማግሥቱ ከማርያም ስመለስ በር ላይ ተገናኘን። ሹራቡን ለብሶ ኮት ደርቦበታል። የግራውን እጅጌ ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎታል። ማጠፉን አጥፎታል፤ ግን ለብሶታል።

እኔ ከረጢቴን ይዣለሁ፤ ወደ ቋሪት ልሄድ ነው፤ ገብሱ ደርሷል። የት ልትሄጂ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። በሩን ከፍቶ ያዘልኝና ወደ ሰማይ እያየ፣

«ተራሽ ተመልሶ የሚደርሰው መቼ ነው?» አለ።

ዘጠኝ ሴቶች ነን፤ በጣቴ ቆጠርኩ። «በሐምሌ።»

«ሐምሌ እኮ ክረምት ነው። ደጅ ዝናብ ነው።»

«ጃንጥላ አለኝ» አልኩት። «ሽቦው ገና ያልተነቀለ።»